እፍኝ ጎዳና

ፈንታሁን ከማማው የወረደው እንጨቱን እየረገጠ አይደለም፤ ዘሎ ነው። ወንጭፉ አንገቱ ላይ እንደተጠመጠመ፣ ቆሎው ጉንጩን እንደወጠረው፣ ገብሱን በደረቱ እየሰነጠቀ ወደ ጎጆው በረረ።

«አሰለፈች! አንቺ አሰለፈች! ተራራ እየመጣ ነው!»

ሚስቱ አሰለፈች ደጃፉ ላይ ተቀምጣ የተቀደደ ስልቻ ትሰፋ ነበር። ቀና እንኳ አላለችም። ከተጋቡ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗቸዋል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ የባሏን ወሬ እንደ እህል ማበጠር ለምዳለች። ገለባውን ታበራለች፣ ፍሬ ከተረፈ ትይዛለች። ባለፈው ሳምንት «ጅብ ዓርብ ጾሞ አየሁ» ብሏታል። በዚያኛው ሳምንት ደግሞ ጉና ላይ ብርዱ ሲበረታ ዶሮ የጣለችው እንቁላል ድንጋይ ሆኖ፣ አባቱ በወንጭፍ ቀበሮ እንደገደለበት ለጎረቤቱ ሁሉ ሲያወራ ሰምታዋለች።

«ተራራው ስንት እግር አለው?» አለችው መርፌዋን እየሳበች።

«አራት! ድቡልቡል ድቡልቡል! ሁለት መቶ ሰው በጠፍር ይጎትተዋል!»

«ሁለት መቶ ነው ወይስ ሃያ?»

«ውሸቴን ከሆነ ጆሮሽን ስጪና እሱ ይፍረድ!»

ጆሮዋን ሰጠች። ከጋፋት በኩል፣ ከኮረብታው ጀርባ፣ የብዙ ሰው ድምፅ እንደ ጎርፍ ይወርዳል።

«ጋፋት ልጅ ወለደች እግሩ ድቡልቡል፣
ሁለት መቶ አባት ያለው መሄድ የማይችል!»

የአሰለፈች እጅ ቆመ። «ይኼስ ፍሬ አለው» አለች ቀስ ብላ። «ወዴት ነው የሚሄደው?»

ፈንታሁን ቆሎውን ሳያኝክ ዋጠው። «ወደ ገብሳችን።»

ይህ የሆነው ዘመነ ማርቆስ በገባ፣ መስከረም አልቆ ጥቅምት በጠባ ሰሞን ነው። ገብሱ አሽቷል። ፍሬው ወተቱን ጨርሶ ጠንከር ብሏል፣ አገዳው ግን ገና አረንጓዴ ነው። ለአጨዳ ሃያ ቀን ይቀረዋል። ሃያ ቀን ደግሞ ለእነ ፈንታሁን የቀን ቁጥር ብቻ አልነበረም፤ ትዳራቸው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ጉና ላይ ውርጭ እህሉን አቃጠለው። የአሰለፈች አባት አያ አያሌው፣ በአገሩ የታወቁ ደረቅ ሽማግሌ፣ አማቻቸውን አስቀርበው፣ «ልጄን የሰጠሁህ ቆሎ ተማሪ ነኝ ብለኸኝ ነው። ኋላ ስጠይቅ ፊደል ቆጥረህ፣ ዳዊቱን እኩሌታው ላይ ጥለህ የመጣህ ነህ። ይሁን። ነገር ግን ተረት ጎታ አይሞላም። ለኅዳር ሚካኤል አህያዬን ይዤ እወርዳለሁ። በልጄ ቤት ሙሉ ጎታ ካየሁ ባሏ ነህ፤ ካላየሁ አንተ ተረትህን ይዘህ ቅር፣ እኔ ልጄን ጭኜ እመለሳለሁ» አሉት።

አሰለፈች አባቷን ታውቃቸዋለች። ከአፋቸው የወጣ ነገር ተመልሶ አይገባም።

በግንቦት ማብቂያ ከጉና ሲወርዱ የያዙት አንድ በሬ፣ አንዲት አህያ፣ ሦስት ቁና የገብስ ዘር ነበር። የደብረ ታቦር አካባቢ ጭቃ ሹም መሬት ሲጠየቅ እጁን አወናጨፈ። «ከዚህ ወንዝ ወዲህ ያለው ሁሉ ባለቤት አለው። ባለቤት የሌለው ካገኘህ እረስ!» አለው። ቀልዱን ነው። ቀልድ ግን ለፈንታሁን መንገር ለተራበ ውሻ ሥጋ መወርወር ነው።

በማግስቱ አገኘው። ወርዱ አሥራ ስድስት ክንድ የሆነ፣ ርዝመቱ ግን ዓይን የማያደርሰው መሬት ነው። አፈሩ ተቆፍሮ ተገልብጧል፤ ድንጋዩ ተለቅሞ ግራና ቀኝ ተደርድሯል። ሰው የለበትም። በዚያ ዘመን መንገድ ማለት በቅሎና እግረኛ ተከታትሎ የሚያልፍበት ቀጭን ዱካ ነው፤ አሥራ ስድስት ክንድ የሰፋ መንገድ አያቱም አላዩ፣ ቅድመ አያቱም አልሰሙ። ርስት በገመድ ተለክቶ ሲሸነሸን ግን ፈንታሁን ከሕፃንነቱ ጀምሮ አይቷል። የአንድ አባት ማሳ ለሃያ ልጅ ሲከፈል እንደ ጠፍር ይቀጥናል፣ እንደ ጠፍር ይረዝማል። በአገሩ በሬ ሲዞርበት ጅራቱ ከጎረቤት ማሳ የሚያርፍ ድርሻ ነበረ።

«ይኼ ዘር የበዛለት አባት ርስት ነው» አላት ለአሰለፈች። «ድንጋዩ ድንበር ነው። ወራሾቹ ቆፍረው ሲያበቁ ተጣሉ፣ አሁን ሙግት ላይ ናቸው። ሙግቱ እስኪያልቅ ገብስ ሁለት ጊዜ ይደርሳል።»

በሬውንና አህያዋን አንድ ቀንበር ላይ ጠምዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ ካለው ማጥ ጀምሮ እስከ ድንጋያማው ዳገት፣ ሦስት ወንጭፍ የሚያስወረውር ያህል ዘራ። የአገሩም ሰው ዝም አለ። ጭቃ ሹሙ፣ «ባላምባራሱ አዞት ይሆናል» አለ። የደብሩ ቄስ፣ «ጭቃ ሹሙ አዞት ይሆናል» አሉ። አንዲት ባልቴት ደግሞ፣ «ጃንሆይ መንገዳቸውን ገብስ ሊያለብሱት ነው፤ የንጉሥ ነገር ምን ይታወቃል!» ብላ ለገበያው ሁሉ አዳረሰችው። በሐምሌ አንድ የይፋግ ነጋዴ ቆሞ፣ «አንተ ሰው፣ ይህ እኮ መንገድ ነው» ብሎት ነበር። ፈንታሁን ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ከእኔ የባሰ ዋሾ አገኘሁ! እንዲህ ያለ አፈር ለእግር?»

አሁን ግን ያ ነጋዴ ዋሾ አለመሆኑ ከነጠፍሩ፣ ከነዘፈኑ እየመጣ ነበር።

ሰረገላው ከኮረብታው ብቅ አለ። ጋፋት የተሠራ ነው። መንኮራኩሩ ከሰው ይረዝማል፤ ጭነቱ በቁርበት የተሸፈነ ብረት ነው። ከፊት ሁለት መቶ ወታደር ጠፍሩን በትከሻው አድርጎ ይስባል። ከኋላ አራት መቶ ተራ ጠባቂ፣ ስንቅ ተሸካሚና ጭፍራ ይከተላል። ከሁሉ ፊት ጥቁር በርኖስ የደረቡት ባላምባራስ አድማሱ በቅሎ ላይ ተቀምጠዋል። መንገዱን ያስቆፈሩት እሳቸው ናቸው።

በቅሎዋ ገብሱ አፋፍ ላይ ስትደርስ ቆመች። ባላምባራሱም ዓይናቸውን አሹ።

«ያ ምንድን ነው?»

«ገብስ ነው፣ ጌቶች» አለ ከፊት ያለው ወታደር።

«ገብስ መሆኑንማ አየሁ! እመንገዴ ላይ ምን ያደርጋል?»

«አሽቷል፣ ጌቶች።»

«ከመሀሉ የቆመውስ?»

«ማማ ነው፣ ጌቶች። ለወፍ መጠበቂያ።»

ባላምባራሱ ወደ ግራ አዩ፤ ማጥ ነው። ወደ ቀኝ አዩ፤ ገደል ነው። ጃንሆይ ከዘመቻ የሚመለሱት ነገ ነው፤ ሰረገላው ሰፈር ገብቶ መጠበቅ አለበት። «በሉ ሳቡ!» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ከገብሱ ውስጥ አንድ ሰው እጁን እንደ መስቀል ዘርግቶ ተፈናጠረ።

«በሕግ አምላክ! በጃንሆይ አምላክ!»

የሁለት መቶው ሰው ጠፍር በአንድ ጊዜ ላላ። ይህን ቃል ሰምቶ እርምጃ የሚጨምር የለም፤ ባላምባራስም ቢሆን፣ ከባላምባራስም ቢበልጥ።

«አዋጅ አለ፣ ጌታዬ!» አለ ፈንታሁን እያለከለከ። «አራሽ ይረስ፣ ወታደር የአራሽን እህል አይርገጥ ተብሏል!»

«አዋጁን ከአንተ ልማር? ይህ መንገድ ነው፣ አንተ ቀላማጅ!»

«ከሥር መንገድ ይሆናል፣ ጌታዬ። ከላይ ግን ገብስ ነው። የሰረገላው እግር የሚያርፈው ደግሞ ከላይ ነው።»

ከወታደሩ አንዳንዱ ፊቱን አዙሮ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ባላምባራሱ ጅራፋቸውን አነሱ፤ አነሱና እዚያው አየር ላይ ተዉት። ገብሱን ረግጠው ቢያልፉ አዋጅ ጣሱ፣ ቆመው ቢቀሩ ጃንሆይ ባዶ ሰፈር ይገባሉ። እንዲህ ጅራፋቸውን ሰቅለው ሲያስቡ አሰለፈች መጣች። መርፌዋን ነጠላዋ ላይ ሰክታለች።

«ዳኛ ይየና!» አለች። ሌላም ቃል አልጨመረች። የባሏን ኩታ ጫፍ ያዘች፤ ከእንቅብ ክዳን ጥቂት የሚሻል ነው። የባላምባራሱን ኩታ ጫፍ ከበርኖሱ ሥር ሳበች፤ ጥበቡ ያበራል። ሁለቱን አንድ ላይ ቋጠረቻቸው። የአገሩ ደንብ ነው፤ የተቋጠረ ተሟጋች ዳኛ ሳይፈታው አይፈታም፣ ዳኛውም ከመንገድ የተገኘ ማንም አላፊ ሊሆን ይችላል። ባላምባራሱ ሳይወዱ ከበቅሎ ወረዱ።

ጠበቁ። መጀመሪያ ያለፈው ውሻ ነበር፤ ሁለቱንም አነፍንፎ ሳይፈርድ ሄደ።

ቀጥሎ ከጋይንት በኩል የወይዘሮ ሠርካለም በቅሎ መጣች። ወይዘሮ ሠርካለም አሮጊት ባለ ርስት ናቸው። ጉልበታቸውን ቁርጥማት ይዟቸው ወንዛዬ ፍል ውሃ ሊነከሩ ይሄዳሉ። ፊት ፊታቸውን ማሬ የምትባል ገረዳቸው ትመራለች።

«በሕግ አምላክ፣ እመይቴ! ዳኛ ይሁኑን!» አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ።

«ኧረ ተዉኝ ልጆቼ! ጉልበቴ እየነደደ፣ ጥርስም የለኝ።»

«ፍርድ በጥርስ አይደለም፣ እመይቴ» አለ ፈንታሁን።

«ዝም በል! ሳልቀመጥ አትሟገት።»

ቁርበት ተነጠፈላቸው። ተደግፈው ተቀመጡና በጭራቸው ዝንብ እያባረሩ፣ «በሉ» አሉ።

ባላምባራሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ማር እሰጥ! ይህ መሬት የጃንሆይ መንገድ እንጂ ማሳ አለመሆኑን አስመሰክራለሁ!»

«በቅሎ እሰጥ! ስዘራው መንገድ ነኝ አላለኝም!»

«በቅሎ አለህ ወይ?» አሉት ወይዘሮዋ።

«የለኝም፣ እመይቴ። ከተሸነፍኩ አይደል የምሰጠው?»

ወይዘሮዋ ድዳቸውን አሳዩ፤ መሳቃቸው ነው። ከዚያ ወደ ባላምባራሱ ዞሩ። «መንገዱ መቼ ተቆፈረ?»

«በግንቦት፣ እመይቴ።»

«ከግንቦት እስከ ዛሬ አንተ የት ነበርህ?»

ባላምባራሱ ወደ ሰረገላው አዩ። «ክረምት ነበር… ይፋግ… እናቴ ዘንድ።»

«ሰኔ አለፈ፣ ሐምሌ አለፈ፣ ነሐሴ አለፈ፣ መስከረም አለፈ። መንገድህ በቀለ፣ አደገ፣ አፈራ። ልጅህ ቢሆን ኖሮ አባቴ ማነው ብሎ በጠየቀ ነበር!»

አሁን ወታደሩ ፊቱን ማዞር ትቶ በግልጥ ሳቀ። ወይዘሮዋ ጭራቸውን ወደ ፈንታሁን አቀኑ።

«አንተስ? የተቆፈረ መሬት ስታይ ማን ቆፈረው አላልክም?»

«ብያለሁ፣ እመይቴ። ራሴ ጠየቅሁ፣ ራሴ መለስኩ።»

«በምን አረስከው?»

«በአንድ በሬና በአንዲት አህያ።»

«በሬና አህያ! ኦሪት በሬና አህያ አንድ ላይ ጠምደህ አትረስ አይልም?»

«ኦሪት አልደረስኩም፣ እመይቴ። እኔ የቆምኩት ዳዊት እኩሌታ ላይ ነው።»

«እንግዲያ ሁለታችሁም ጥፋተኞች ናችሁ» አሉ ወይዘሮዋ። «አንዱ መንገዱን ጥሎ ሄደ፣ አንዱ የወደቀ አነሳ። ይህን መፍረድ ቀላል ነው። ከባዱ ገብሱ ነው፤ እሱ ምንም አላጠፋም። ማሬ፣ እስቲ አንድ ጭብጥ ጥበሺልኝ። ያልቀመስኩት ነገር ላይ አልፈርድም።»

ማሬ አንድ ጭብጥ ዘለላ በእሳት ወላፈን ለበለበች፣ በመዳፏ አሽታ እፍ አለችበት፣ ለወይዘሮዋ ድድ እንዲሆን በድንጋይ ደቆሰችው። ሽታው ተነሳ። ያን ሽታ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጢሱም፣ ወተቱም፣ አፈሩም አንድ ላይ ነው። ስድስት መቶ ጉሮሮ በአንድ ጊዜ ምራቁን ዋጠ፤ ፈንታሁን ኋላ ሲያወራ ማጡ ውስጥ ያሉ እንቁራሪቶች ነጎድጓድ መስሏቸው ጠለቁ ይላል።

ወይዘሮ ሠርካለም ግን እያላመጡ የወታደሩን ጉሮሮ አስተዋሉ። «እናንተ ልጆች፣ ስንቃችሁ ምንድን ነው?»

«ጥሬ ነው፣ እመይቴ» አለ አንዱ። «ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ደረቅ ገብስ።»

«እሸት ከቀመሳችሁ?»

«ዓመት ሆነን።»

አሮጊቷ ወደ ፈንታሁን ጎንበስ አሉ። «በአገራችሁ እሸት ለመንገደኛ ይከለከላል?»

ፈንታሁን አፉን ከፈተና ባዶ ሆኖ አገኘው። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። እሸት ለመንገደኛ የሚከለክል ገበሬ የት አለ? ሰው ቢተወው እንኳ ዘሩ ይረግመዋል። አይከለከልም ካለ ደግሞ እነሆ ስድስት መቶ መንገደኛ ቆሟል፤ እነሆ የአያ አያሌው አህያ በጉና ቁልቁለት ልጃቸውን ልትጭን ስትወርድ ኮቴዋ ተሰማው። አሰለፈችን አያት። ዓይኗ እርጥብ ነው፤ መንጋጋዋ ግን የአባቷ መንጋጋ ነው።

«አይከለከልም፣ እመይቴ» አለች እሷ ወደ ፊት ራመድ ብላ። «መንገደኛ ግን እሸት ቀምሶ ያልፋል እንጂ ማሳ አይጨርስም። የመጀመሪያው እፍኝ የእግዜር ነው፤ ማንም ይብላ፣ እኔ ራሴ ለብልቤ እሰጣለሁ። ሁለተኛው እፍኝ የእኔ ነው። የእኔን የበላ ጥሬውን ይተካልኝ። አንድ ጭብጥ እሸት ቢደርቅ የሚወጣው አንድ እፍኝ ነው፤ አንድ እፍኝ ከስንቁ ይስጠኝ። ያን ጊዜ ገብሴን የረገጠው የለም፣ አዋጁም አልተሰበረም፣ መንገዱም ይጠረጋል።»

ወይዘሮዋ በርኖስ የለበሰውንም፣ እንቅብ ክዳን የለበሰውንም ረስተው ልጅቱን አዩዋት።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የጉናው አያሌው።»

«አንቺን ከቤት ያስገባ ሰው ጎታው እንዴት ይጎድልበታል!» አሉና ጭራቸውን መሬት መቱ። «ፈረድኩ! ልጅቱ እንዳለችው። ከዳር እየነቀላችሁ ግቡ፤ ያልተነቀለ ገብስ ላይ እግሩ ያረፈ ወታደር እሸት አይቀምስም። ባላምባራስ ይቆጣጠር፣ ገበሬው ይቁጠር። ቋጠሮው ገብሱ ሲያልቅ ይፈታል!»

እዚህ ላይ ነበር ያ ቀን ሠርግ የሆነው። ጠፍሩ ተጣለ። ከማጡ ዳር እስከ ዳገቱ ሠላሳ እሳት ነደደ። ወታደሩ ገብሱን ከዳር እየነቀለ፣ ሥሩን እያራገፈ፣ እየለበለበ፣ እያሸ ይበላል። በልቶ ሲያበቃ ስንቁን ፈትቶ አሰለፈች ያነጠፈችው ቁርበት ላይ እፍኙን ይዘረግፋል። እጁ ትንሽ የሆነ ወታደር ሲመጣ ፈንታሁን «የአንተ ሁለት ጊዜ ነው፤ ይኼ የሕፃን እፍኝ ነው!» ይለዋል። እጁ ትልቅ የሆነ ሲመጣ «እግዜር ይባርክህ፣ የእናትህ ልጅ!» ብሎ ግንባሩን ይስመዋል። ባላምባራሱ ከሱ ጋር ተቋጥረዋልና እሱ በሄደበት ይሄዳሉ፤ እሱ ጎንበስ ሲል ጎንበስ ይላሉ፤ እሱ ወታደር ሲስም ፊታቸው የወታደር ጢም ይነካል።

«ጌታዬ፣ አይቀምሱም?» አላቸው።

«እኔ ባላምባራስ ነኝ።»

«የመጀመሪያው የእግዜር ነው፤ ማዕረግ አይጠይቅም።»

ቀመሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሁለተኛውን ራሳቸው ነቀሉ። ሦስተኛው ላይ ጢማቸው ጥላሸት ለበሰ። ሊከፍሉ ሲሉ ግን የሳቸው ስንቅ በሶ ሆኖ ተገኘ።

«በሶ በእፍኝ ይቆጠራል?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ይቆጠራል፣ ጌታዬ። ነፋሱ ሳይወስደው ፈጠን ይበሉ እንጂ።»

ወሬው ደብረ ታቦር ገበያ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። «በንጉሥ መንገድ ላይ እሸት እየተበላ ነው» ሲባል ገበያው ግማሹ ተነስቶ መጣ፤ ማንም ግን ባዶ እጁን አልመጣም፤ ፍርዱ ከወሬው ቀድሞ ተሰምቷል። ጭቃ ሹሙ ስንዴ አመጣ። ቄሱ ምስር አመጡ። ያቺ ባልቴት፣ «አላልኳችሁም? የንጉሥ ነገር!» እያለች ጤፍ በስኒ ይዛ መጣች፤ «ጤፍ በእፍኝ አይለካም፣ በጣት መሀል ይሾልካል» ብትባል ግን አሻፈረኝ ብላ አፈሰሰችው።

ፀሐይ ወደ ይፋግ ስታዘነብል፣ ከማጡ እስከ ዳገቱ አንድ ዘለላ አልቀረም። ማማው ተነቅሎ ማገዶ ሆነ። ወይዘሮ ሠርካለም ቋጠሮውን በእጃቸው ፈቱ። ቁርበቱ ላይ የተከመረው ተለካ፤ አምስት ዳውላ ሙሉ፣ ከዚያም ቁና ተረፈ። ገብሱ ደርሶ ቢታጨድ ይህን ያህል አይወጣውም ነበር። ዓይነቱ ግን ሽምብራ ከባቄላ፣ ስንዴ ከምስር፣ ጤፍ ከበሶ ነው። አሰለፈች እጇን እስከ ክርኗ ከተተችበትና መሳቅ ጀመረች፤ ስትስቅ እንባዋ መጣ፣ እንባዋ ሲመጣ ሳቋ ባሰ።

«ምነው?» አላት ፈንታሁን ደንግጦ።

«አባቴ… አባቴ ይህን ሲያይ ማን ዘራው ይለኛል!»

«ሠራዊት ዘራው በይው። ውሸት አይደለም።»

ሠራዊቱ ጠፍሩን አነሳ። ሰረገላው ተንቀሳቀሰ፤ በለሰለሰው አፈር ላይ መንኮራኩሩ እንደ ቅቤ ሄደ። አውራጁ የጋፋቱን ዘፈን ሊጀምር አፉን ከፈተና ሌላ ወጣው፤

«ገብስ የበቀለበት የንጉሥ ጎዳና፣
እፍኝ በልቶ ያልፋል እፍኝ ሰጥቶ ጀግና!»

ሁለት መቶው ተቀበለ። አራት መቶው ደገመ። ጥላሸት በጥላሸት የሆኑት ባላምባራስም በቅሏቸው ላይ ሆነው፣ ማንም የማያያቸው መስሏቸው፣ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ታየ።

ወይዘሮዋ በቅሏቸው ላይ ሲወጡ ፈንታሁንን ጠሩት። «ወንዛዬ አጠገብ ጦም ያደረ መሬት አለኝ። ለሚቀጥለው ሰኔ ናና እረስልኝ።»

ፈንታሁን መሬት ሳመ። ተነሥቶም ራሱን አከከ። «እመይቴ… ይቅርታዎን ነው እንጂ… መሬቱ ሰው ይሄድበታል?»

ወይዘሮ ሠርካለም በጭራቸው አናቱን አሉትና እየሳቁ ሄዱ።

አምስተኛው ቀን ቅዳሜ ነው። ባልና ሚስት ከእህሉ አንዱን ስልቻ አህያዋ ላይ ጭነው ወደ ጉና ተነሱ። አያ አያሌው ኅዳር ሚካኤልን ሳይጠብቁ አይተው ይመኑ ብላ አሰለፈች ናት የቸኮለችው። ገበያው አጠገብ ሲደርሱ ነጋሪት ይጎሰማል። ነጋሪው ድንጋይ ላይ ቆሞ ከጠዋት ጀምሮ የጮኸበትን ድምፁን አወጣ።

«ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ከጋፋት እስከ ሰፈር የተጠረገው መንገድ ከዛሬ ጀምሮ የሰረገላ ጎዳና ተብሏል! በሌላ ስም የሚጠራው ወየውለት!»

ገበያተኛው በአክብሮት ሰማ፤ ሰምቶም ወደ ጨውና ወደ በርበሬው ተመለሰ። ፈንታሁን ግን አህያዋን ለአሰለፈች ሰጥቶ፣ ከጉና ዛሬ የወረደ የዋህ ባላገር መስሎ፣ ወደ ነጋሪው ተጠጋ። አሰለፈች ኩታውን ልትይዝ እጇን ሰደደች፤ አልደረሰችበትም።

«ጌታው፣ ለአገሩ እንግዳ ነኝ» አለ እጅ ነስቶ። «ያ የሰረገላ ጎዳና የሚሉት የቱ ይሆን?»

ነጋሪው ነጋሪቱን ትከሻው ላይ እያስተካከለ በአገጩ ጠቆመው። «ምን ይጠፋሃል! በዚህ ስትወርድ ማጡን ታገኛለህ፤ ከማጡ ወዲያ ያለው እፍኝ ጎዳና እሱ ነዋ!»

ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የገባው። ግራ አየ፣ ቀኝ አየ፤ በርበሬ ሻጯ አፏን በነጠላዋ ሸፍናለች። ነጋሪው ዱላውን አንሥቶ ነጋሪቱን በሙሉ ኃይሉ መታው፣ ደገመው፣ ሠለሰው፤ የገበያውን ሳቅ ግን ሊበልጠው አልቻለም።